የቢሊየነሮቹ ሮኬት፦ ከኮዬ ፈጬ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የማስተምረው ደግሞ ፊዚክስ። ሁለቱ ተደምረው ጥያቄ አያሳጡኝም። ኢሎን መስክ አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር፣ ወይ ቲክቶክ ላይ አንድ ሮኬት በፈነዳ ቁጥር፣ ታክሲ ሰልፍ ላይም፣ ቡና ላይም፣ ክፍል ውስጥም ያው ጥያቄ ይመጣል። በየቀኑ ከምደጋግመው ብዬ እዚህ አሰፈርኩት። አስቀድሜ ልናገር፦ ተጠራጣሪ ነኝ። ግን የምጠራጠረው ብዙ ሰው የሚጠራጠረውን አይደለም። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እውነት ሮኬቱ ይበራል? የኮምፒውተር ሥራ አይደለም እንዴ?

ይበራል። ይህን ጥያቄ የሚያመጣው ሮኬቱ ተመልሶ በእግሩ ቆሞ ሲያርፍ የሚያሳየው ቪዲዮ ነው። «ወደ ኋላ አጫውተውት ነው» ያለኝ ተማሪ አለ። አልፈርድበትም፤ ለዓይን እንደዚያ ነው የሚመስለው። ግን የመስክ ኩባንያ ስፔስኤክስ የፋልከን 9 ሮኬቱን የታችኛውን ክፍል መጀመሪያ በሰላም ያሳረፈው ዲሴምበር 2015 ነው። ከዚያ ወዲህ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ደግሞታል። ሩሲያና ቻይና ወደ ሰማይ የሚወጣውን ሁሉ በራዳር ይከታተላሉ። ውሸት ቢሆን ኖሮ ከማንም ቀድመው የሚያጋልጡት እነሱ ናቸው። ለአሜሪካ ገመና የሚሳሱ አይደሉም።

በዓይኔ ካላየሁ ለምትሉ ደግሞ ጣሪያ ላይ መውጣት ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አዲስ አበባ ላይ ያልፋል። ምሽት ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ወይ ንጋት ላይ፣ ከኮከብ ሁሉ የደመቀ ነጥብ ሳይብለጨለጭ ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰማዩን አቋርጦ ይጠፋል። ከሮቶዎቹ መሃል ቆሞ ማየት ይቻላል፤ መነጽርም ምንም አያስፈልግም። ከ2020 ጀምሮ ወደዚያ ጣቢያ ሰው ከሚያመላልሱት መንኮራኩሮች አንዱ የስፔስኤክስ ነው። ብቻ በክረምት አትሞክሩት፤ ደመናው አያሳይም።

ታዲያ የምትጠራጠረው ምኑን ነው?

ቀጠሮውን።

መስክ በ2017 ምን አለ? ሁለት ዕቃ ጫኝ መንኮራኩሮች በ2022 ማርስ ላይ ያርፋሉ፣ ሰው ደግሞ በ2024 ይከተላል አለ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ሁለት ከፋይ መንገደኞች በ2018 ጨረቃን ዞረው ይመለሳሉ ብሎ ነበር። ሁለቱም አልሆነም። አንድ ጃፓናዊ ቢሊየነር አርቲስቶችን አስከትሎ በ2023 ጨረቃን ሊዞር ተነሳ። በ2024 መቼ እንደሚሄድ ማወቅ ስላልቻለ ሰረዘው።

መስክ ብቻ አይደለም። ሪቻርድ ብራንሰን ቨርጂን ጋላክቲክን በ2004 ሲያቋቁም ቱሪስት የሚበረው በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው ተባለ። የመጀመሪያዎቹ ከፋይ ደንበኞች የበረሩት በ2023 ነው። በመሃል፣ በ2014፣ አንዱ መንኮራኩር በሙከራ ላይ ሳለ ካሊፎርኒያ ሰማይ ላይ ተበትኖ ረዳት አብራሪው ሞቷል። በ2012 ደግሞ ፕላኔታሪ ሪሶርስስ የሚባል ኩባንያ ከጉግል ባለሀብቶች ጭምር ገንዘብ ይዞ በጠፈር ከሚዞሩ አለቶች ማዕድን አወጣለሁ ብሎ መጣ። በ2018 አንዲት ጠጠር ሳያወጣ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ።

«ዘግይቶም ቢሆን ያደርሳል» የሚሉኝ አሉ። እውነትነት አለው። ፋልከን ሄቪ የተባለው የመስክ ትልቅ ሮኬት በ2013 ይበራል ተብሎ በ2018 በሯል። ነገር ግን ዘግይተው የመጡትን ስንቆጥር የውሃ ሽታ ሆነው የቀሩትንም አብረን እንቁጠር። ቀጠሮ ዋጋ አለው። ባለሀብት ገንዘቡን የሚያፈሰው፣ ወጣት መሐንዲስ ሌሊቱን የሚሠራው፣ መንግሥትም ውል የሚፈርመው በቀጠሮው ተማምኖ ነው። ቀኑ ሲያልፍ ግን የሚጠይቅ የለም፤ አዲስ ቀን ይቆረጣል፤ ዜናው እንደገና ዜና ይሆናል። እኔ አሁን ዓመቱን አልሰማም። የሆነውን ብቻ ነው የምሰማው።

በራሳቸው ገንዘብ ነው፤ እኛን ምን አገባን?

አብዝቼ የምሰማው ይህንን ነው። አብዝቶ የሚያበሽቀኝም እሱ ነው።

የጄፍ ቤዞስ ነገር ቀለል ይላል። የሮኬት ኩባንያውን ብሉ ኦሪጅንን በ2000 አቋቋመ። በዓመት ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ የአማዞን አክሲዮን እየሸጠ እንደሚደጉመው በ2017 ራሱ ተናግሯል። ጁላይ 2021 ራሱ በርሮ ሲመለስ የአማዞንን ሠራተኞችና ደንበኞች አመሰገነ። ይህን ሁሉ የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ አላቸው። ብዙ ሰው ተናደደበት። እኔ ግን በዚያ ቀን ከተናገረው ሁሉ እውነተኛው ቃል እሱ ይመስለኛል። ብቻ መጋዘን ውስጥ ሲሯሯጥ የሚውለውን ሠራተኛ «ልብረርልህ ወይ?» ብሎ አስቀድሞ የጠየቀው አልነበረም።

የመስክ ታሪክ ግን ይለያል። ስፔስኤክስን በ2002 ሲጀምር ከኪሱ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ይህ እውነት ነው፤ ድፍረትም ይጠይቃል። ከፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴት የተተኮሱት ፋልከን 1 የተባሉ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሮኬቶች፣ በ2006፣ በ2007 እና በ2008፣ ሁሉም ከሸፉ። ገንዘቡ እያለቀ ነበር። አራተኛው ሴፕቴምበር 2008 ተሳካለት። ከሦስት ወር በኋላ፣ ገና አዲሱ ፋልከን 9 ሳይበር፣ የአሜሪካ መንግሥት የጠፈር ተቋም የሆነው ናሳ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር የጭነት ውል ፈረመለት። ከዚያ በፊትም በ2006 ለልማት ይሁንህ ብሎ 278 ሚሊዮን ዶላር መድቦለታል። በ2014 ሰው ለማመላለስ 2.6 ቢሊዮን ተጨመረ። በ2021 ጨረቃ ላይ ሰው የሚያሳርፍ መንኮራኩር ሥራ ተብሎ 2.9 ቢሊዮን ተሰጠው። ቤዞስ በዚህኛው ተቆጥቶ ናሳን ፍርድ ቤት ገተረ። ተረታ። በ2023 ግን የራሱን 3.4 ቢሊዮን አገኘ።

እንግዲህ «የግል» የሚባለው ሮኬት ከጭንቅ የወጣው በግብር ከፋይ ገንዘብ ነው። የተማረውም ከዚያው ነው። ሮኬት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ ወደ ምድር ሲመለስ እሳቱን እንዴት እንደሚችል፣ ይህን ሁሉ ናሳ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሕዝብ ገንዘብ ሲያጠና ኖሯል። በዚያ ላይ ተመሥርቶ መሥራት ነውር የለውም። መንግሥት ደንበኛ መሆኑም ነውር የለውም፤ እንዲያውም ጥሩ ስምምነት ነበር ብዬ አምናለሁ። የማይዋጥልኝ ሌላ ነው። ኪሳራው የጋራ ሆኖ ሳለ ዝናውም ትርፉም የአንድ ሰው መሆኑ። አንዱ ተማሪዬ «መስክ ብቻውን ከናሳ በለጠ» ብሎ ሲጽፍ ሰውዬውን ማን አስተማረው ያሰኛል።

እኛንስ ምን አገባን ለሚለው፦ ሰማዩ የጋራ ነው። ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ግን ረክሷል አይደል? መንግሥት ሲሠራው ከነበረው ይሻላል ይባላል።

ረክሷል። ሳይወዱ በግድ የሚመሰገን ሥራ ነው።

ድሮ ሮኬት አንዴ ይተኮሳል፤ አለቀ። አንድ አይሱዙ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ጭነት አድርሶ እዚያው ባሕር ውስጥ ይጣል ቢባል ለአንድ ኩንታል ምን ያህል እንደሚከፈል አስቡት። የሮኬት ዋጋ ሰማይ የነካው በዚህ ነው። ፋልከን 9 ዘጠኝ ሞተር የተሸከመውን የታችኛውን ክፍል ይመልሳል። ከ30 ጊዜ በላይ የበረረ አለ። ይህን ከእሱ በፊት በዚህ መጠን ያደረገ መንግሥት የለም።

ማነጻጸሪያም አለ። በ2014 ናሳ ለዚያው ሰው የማመላለስ ሥራ ለቦይንግ 4.2 ቢሊዮን ዶላር ሰጥቶ ነበር፤ ለስፔስኤክስ ከሰጠው እጅግ ይበልጣል። የቦይንግ መንኮራኩር ጁን 2024 ሁለት ሰው ይዞ ወጣ። ስምንት ቀን ገደማ ቆይተው ሊመለሱ የነበሩት ሰዎች መንኮራኩሩ ስላላስተማመነ ዘጠኝ ወር እዚያው ከረሙ። በመጨረሻ የመለሳቸው የስፔስኤክስ ነው። ናሳ ራሱ የሚያሠራው ግዙፍ የጨረቃ ሮኬት ደግሞ አንዴ ለመተኮስ ከነጓዙ 4.1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ የራሱ ተቆጣጣሪ ጽፏል። ስለዚህ «መንግሥት ቢሠራው ይሻል ነበር» የሚለውን አልልም።

ጥርጣሬዬ ሌላ ቦታ ነው። ሮኬት መልሶ መጠቀም ከተጀመረ በኋላ የፋልከን 9 የማስታወቂያ ዋጋ አልወረደም። ከ62 ሚሊዮን ዶላር ተነስቶ በ2024 ወደ 70 ሚሊዮን ተጠግቷል። ቁጠባው የት ሄደ? ኩባንያው ጋ። ተፎካካሪ እስካልበረታ ድረስ ማን ይቀንሳል! ቅናሹ ለሰው ልጅ ሁሉ ነው ሲባል ይህችን ማስታወስ ነው።

ቤዞስና ብራንሰን ጠፈር ደረሱ ይባላል። ደርሰዋል?

ከፍታውን ነክተውታል። አልቆዩበትም።

ከብሎካችን ጀርባ ባለው ሜዳ ከልጆች ጋር አንድ ነገር እንሠራለን። ሃይላንድ ጠርሙስ ሲሶውን ውሃ ትሞላለህ፣ በቡሽ ትደፍናለህ፣ በብስክሌት ፖምፓ አየር ትነፋበታለህ። ቡሹ ሲለቅ ጠርሙሱ ውሃውን ወደ ታች እየተፋ ሽቅብ ይወጣል፤ ጥሩ ከተነፋ ከአራተኛ ፎቅ ያልፋል። ከዚያ ይመለሳል፤ ባለፈው የተሰጣ አንሶላ ላይ አርፎ አጣልቶናል። ጠርሙሱ ላይ ካሜራ ብናስር ለአፍታ ክብደት ያጣ ነገር ይታያል። የቤዞስ ጉዞም በመሠረቱ እሱ ነው። ወደ 107 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ወደ መጣበት ተመለሰ። ጠቅላላው 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ብራንሰን ከእሱ በዘጠኝ ቀን ቀድሞ 86 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ይህ ጠፈር ነው አይደለም ብለው ተናቆሩ። እኔን ያሳቀኝ ንቁሪያው ነው።

ዋናው ነገር ከፍታ አይደለም፤ የጎን ፍጥነት ነው። ምድርን እየዞረ የሚቆይ ነገር በሰዓት ወደ 28 ሺህ ኪሎ ሜትር መሮጥ አለበት። የቤዞስ ትንሹ ሮኬት ከፍተኛ ፍጥነቱ የዚህ አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው። ፍጥነት ስምንት እጥፍ ሲሆን የሚፈለገው ጉልበት 64 እጥፍ ይሆናል፤ የአስራ አንደኛ ክፍል ትምህርት ነው። ብሉ ኦሪጅን ምህዋር የሚደርስ ሮኬት ያበረረው ከተቋቋመ ከ24 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጃንዋሪ 2025 ነው። እሱ እውነተኛ ሥራ ነው። እዚህ ሰፈር ያወራለት አልነበረም፤ ሁሉም ያወራው ከሦስት ወር በኋላ ዘፋኟ ኬቲ ፔሪ የበረረችበትን የ10 ደቂቃውን ነው።

እኛ ከፍታ ላይ ነን፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። ለምን ከእንጦጦ አይተኮስም?

ይህን የጠየቁኝ የሰፈራችን አዛውንት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአየር ኃይል ቴክኒሽያን። ጋሼ ጥያቄያቸው ሞኝነት የለበትም።

ግማሹ ትክክል ነው። ምድር ስትሽከረከር ከምድር ወገብ ላይ ያለ ነገር በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ይወረወራል። አዲስ አበባ ላይ ወደ 1,650 ነው። ፍሎሪዳ ላይ 1,470 ገደማ። ስለዚህ ከእነሱ ይልቅ ለእኛ ምድር ትንሽ ትገፋልናለች። ለዚህ ነው ጣሊያኖች ኬንያ ማሊንዲ አቅራቢያ ባሕር ላይ መድረክ ተክለው ከ1967 እስከ 1988 ሳተላይት ያመጠቁት። ኡሁሩ የተባለችው የኤክስሬይ ሳተላይት የተነሳችው ከዚያ ነው፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1970፣ በኬንያ የነጻነት በዓል።

ከፍታው ግን ብዙም አይረዳም። የእንጦጦ 3,200 ሜትር ለሯጭ ብዙ ነው፤ ለሮኬት ከመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ጋር ያልፋል። ትልቁ ችግር ደግሞ ከበታች ያለው ነው። ሮኬት ወደ ምሥራቅ ይተኮሳል። ከእንጦጦ ወደ ምሥራቅ ሕንድ ውቅያኖስ እስኪደረስ ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት አለ፤ ሰው፣ ከብት፣ ከተማ። የሚጣለው ክፍል የሚወድቀው እዚያ ነው። ቻይና በ1996 ከመሃል አገር የተኮሰችው ሮኬት እንደተነሳ አቅጣጫውን ስቶ መንደር ላይ ወድቋል። መንግሥት ያመነው የሞተ ሰው ብዛት 6 ነው። አሜሪካኖቹ ባሕር ዳር የሚተኩሱት አስተዋይ ስለሆኑ ብቻ ሳይሆን ባሕር ስላላቸው ነው። ለእኛ ይህ ሌላ ሆድ የሚያባባ ርዕስ ነው፤ እንለፈው።

አፍሪካ ውስጥ የግል ሮኬት የሞከረ አለ?

አለ፤ ከመስክ በፊት፣ ገና በ1970ዎቹ። ኦትራግ የሚባል የጀርመን ኩባንያ በ1975 ተቋቋመ። ርካሽ ሮኬት ሠርቼ ሳተላይት አመጥቃለሁ አለ። ከሞቡቱዋ ዛየር (ከዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ)፣ ከሻባ ክፍለ ሀገር፣ ለመተኮሻ ብሎ ወደ 100 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ተከራየ። የኤርትራን ስፋት ይስተካከላል ማለት ይቻላል። የመሬቱን ሰዎች ማን ጠየቀ? ማንም። በ1977 እና በ1978 ሙከራ አደረጉ። ሦስተኛው ሞቡቱ ቆመው እያዩ ከሸፈ። ሶቪየት ኅብረትና ጎረቤቶች የጦር ሚሳኤል ሙከራ ነው ብለው ጮኹ፤ ጀርመንም አፈረች፤ በ1979 ዛየር ኩባንያውን አስወጣች። ወደ ሊቢያ ሄደ። ምህዋር የደረሰ ነገር አልነበረም።

ይህን ታሪክ የምወደው ሁሉም ነገር ስላለበት ነው። የርካሽ ሮኬት ተስፋ፣ ሰፊ መሬት፣ ፊርማ የሚፈርም መሪ፣ ያልተጠየቀ ገበሬ። ነገ አንድ ቢሊየነር ኦጋዴን ወይም አፋር መጥቶ ማስወንጨፊያ ልሥራ ቢል መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሮኬቱ አይሆንም። ስለ ውሉ ነው።

ስብርባሪው እኛ ላይ ይወድቅ ይሆን?

ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ግን ተረት አይደለም። ዲሴምበር 30 ቀን 2024 ኬንያ፣ ማኩዌኒ አውራጃ ሙኩኩ የተባለች መንደር ላይ 500 ኪሎ የሚመዝን፣ ወርዱ 2.5 ሜትር የሆነ የብረት ቀለበት ከሰማይ ወደቀ። ሰው አልጎዳም። የኬንያ ጠፈር ኤጀንሲ መጥቶ የሮኬት ክፍል ነው አለ። ይህ የግል ኩባንያ ነው ብዬ አልናገርም፤ መንግሥታትም ይጥላሉ። በ2022 አውስትራሊያ ውስጥ በግ ግጦሽ ላይ ተሰክቶ የተገኘው ረዥም ስብርባሪ ግን የስፔስኤክስ መንኮራኩር አካል ነበር። ጃንዋሪ 2025 ስታርሺፕ የተባለው የስፔስኤክስ ግዙፍ ሮኬት ካሪቢያን ላይ ሲፈነዳ ደግሞ በሰማይ የነበሩ አውሮፕላኖች መንገድ ቀይረዋል።

ሕጉ አስገራሚ ነው። ከጠፈር ለሚወድቅ ነገር ጉዳት ተጠያቂውን በሚወስነው የ1972ቱ ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ለጉዳቱ ተጠያቂው ሮኬቱ የተነሳበት አገር መንግሥት ነው፤ ኩባንያው የግል ቢሆንም እንኳ። በ1978 የሶቪየት ሳተላይት ካናዳ ላይ ኒውክሌር ነዳጁን ይዞ ሲወድቅ ሶቪየት ኅብረት 3 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ከፍላለች። እና አንድ ብረት ጣሪያችሁ ላይ ቢያርፍ አትንኩት፤ ለፖሊስ ንገሩ። ቆራሌው ጋ እንዳትሄዱ።

ማታ ተሰልፈው የሚሄዱት መብራቶችስ?

ስታርሊንክ ናቸው። የመስክ የኢንተርኔት ሳተላይቶች። የመጀመሪያዎቹ 60 ሜይ 2019 ወጡ፤ አሁን ከ7 ሺህ በላይ ናቸው። ተሰልፈው የሚታዩት እንደተለቀቁ ለጥቂት ቀን ነው፤ ከዚያ ይበታተናሉ። መጀመሪያ ጊዜ እዚህ ሲታዩ ግቢው ውስጥ ግማሹ ሰው ስልክ ይዞ ወጣ፤ ግማሹ ደግሞ ጸሎት ያዘ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጥርት ብለው ይታዩ ነበር።

ጥቅሙን አልክድም። ፋይበር የማይደርስበት ቦታ ኢንተርኔት ይደርሳል፤ ኬንያ ከ2023 ጀምሮ ትጠቀምበታለች። የምጠይቀው ሰማዩን ማን ፈቀደ የሚለውን ነው። ከአሜሪካ የመገናኛ ባለሥልጣን የወጣ ፈቃድ የእንጦጦን ሰማይ ይነካል። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። የሰማይ ፎቶ የሚነሳው ካሜራውን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ነው፤ ሳተላይት ሲያልፍ ፎቶው ላይ ነጭ መስመር ይሰነጥቃል። ሐቁን ለመናገር ግን እንጦጦን ከስታርሊንክ በላይ የጎዳው የራሳችን ከተማ መብራት ነው። ላሊበላ አካባቢ ጨለማ ሰማይ ፍለጋ የተኬደውም ለዚሁ ነው።

በዚህ ገንዘብ ስንት ረሃብተኛ ይጠግብ ነበር?

ብዙ። በ2021 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ኃላፊ በ6 ቢሊዮን ዶላር 42 ሚሊዮን ሰው ከረሃብ ማዳን ይቻላል ብለው ቢሊየነሮቹን በስም ጠርተው ነበር። መስክ እንዴት እንደሆነ አሳዩኝና አክሲዮን እሸጣለሁ አለ። ተቋሙ ዕቅድ አወጣ። ወሬው እዚያው ቀረ።

ግን ይህ ጥያቄ ወደ ራሳችንም ሲዞር መልሱ እንደዚህ ቀላል አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ 1 በቻይና ሮኬት መጥቃለች። 70 ኪሎ ገደማ ናት። ወጪዋ ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 6 ሚሊዮን ገደማውን የሸፈነችው ቻይና ናት። ያን ጊዜም «ዳቦ ሳይኖር ሳተላይት» ተባለ። የሠራችው ግን ከላይ ሆና የእርሻና የደን ምስል ማንሳት ነው። ድርቅ ቀድሞ የሚታየው ከዚያ ነው። ከሌላ አገር ምስል መግዛትም ዋጋ አለው። ስለዚህ «ጠፈር ቅንጦት ነው» የሚለውን በጅምላ አልቀበልም። የ10 ደቂቃ ሽርሽር ቅንጦት ነው። የአየር ሁኔታ ሳተላይት አይደለም። የቨርጂን ጋላክቲክ አንድ መቀመጫ 450 ሺህ ዶላር ሲሸጥ ነበር፤ በ18 መቀመጫ ዋጋ የእኛዋ ሳተላይት ትገዛለች።

ማርስ ላይ ሰው ይኖራል?

አንድ ቀን ይረግጣት ይሆናል። ከተማ ሠርቶ መኖር ግን ሌላ ነው። ወደ ማርስ ለመነሳት የሚያመቸው ጊዜ በ26 ወር አንዴ ነው፤ ጉዞው ከግማሽ ዓመት በላይ ይወስዳል። አየሯ ከእኛ አንድ በመቶ አይሞላም፤ አፈሯ ለጤና የሚጎዳ ጨው አለበት፤ ጨረሩን የሚከላከል መግነጢሳዊ ጋሻ የላትም። «ምድር ብትጠፋ መጠባበቂያ» የሚለው ደግሞ አይገባኝም። የተበላሸችው ምድር እንኳ ከማርስ ትሻላለች።

በቴሌግራም የስፔስኤክስ አክሲዮን በብር እየተሸጠ ነው። ልግዛ?

አትግዙ። በቴሌግራም ብር አስልኮ አክሲዮን የሚሰጥ የለም። መስክ «የላካችሁትን እጥፍ እመልሳለሁ» ሲል የሚታይባቸው ቪዲዮዎችም የተቀነባበሩ ናቸው። ይህን ጥያቄ በየወሩ እሰማለሁ፤ ጠያቂዎቹ አንዳንዴ የሚመጡት ብሩን ከላኩ በኋላ ነው።

ስታርሺፕ ሲተኮስ በቀጥታ ማየት እፈልጋለሁ። ስንት ሰዓት ነው?

የሚተኮሰው ከቴክሳስ ነው። እዚያ አመሻሽ ሲሆን እዚህ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። ብዙ ጊዜ ደቂቃዎች ሲቀሩት በቫልቭ ወይ በነፋስ ሰበብ ለነገ ይባላል። ፓኬጅ ገዝታችሁ፣ ሌሊት ተነስታችሁ፣ ጭስ ብቻ አይታችሁ መተኛት አለ። ተኝታችሁ አድራችሁ ጠዋት እዩት። የፈነዳም ያረፈም እስከዚያ ዩቲዩብ ላይ ይጠብቃችኋል።